ከድሬዳዋ እስከ ባቢሌ፦ የምሥራቅ ጉዞ ማስታወሻ

የጉዞው ማስታወቂያ ሦስት ነገር ቃል ገብቶ ነበር፤ ቤተ መንግሥት፣ ገበያና የዱር እንስሳ። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ባቢሌ። ሚኒባሱ፣ አስጎብኚው፣ ማደሪያውና ቁርሱ ተደምሮ ለአንድ ሰው 26,000 ብር። የአውሮፕላን ቲኬት ለብቻ፣ ምሳና እራት ከኪስ። እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ ከጎንደር ተነሣን። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የመጡ ጥቂት ሰዎች ድሬዳዋ ላይ ተቀላቀሉን።

ጎንደር ያደገ ሰው ቤተ መንግሥት ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው የፋሲል ግንብ ነው። ስለዚህ የኔ ልብ ገበያው ላይ ነበር። ባለቤቴ ከመነሣታችን በፊት ጀምሮ ወሬው ሁሉ ዝሆን ሆነ። እማዬ ደግሞ «ቁልቢ ገብርኤልን ሳልሳለም አልመለስም» ብላለች። ቁልቢ በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018፦ ድሬዳዋ

ጠዋት ጎንደር ላይ የለበስነውን ሹራብ ድሬዳዋ ላይ በእጃችን ይዘን ወረድን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር ከ2,000 በላይ። ልዩነቱን ቆዳ ወዲያው ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ችግር ሆቴሉ በር ላይ ጠበቀን። እንግዳ ተቀባይዋ መዝገቡን አገላብጣ «በዚህ ስም የተያዘ ክፍል የለም» አለችን። የጉዞው አዘጋጅ ክፍያውን አልላከም። እማዬ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። ሌሎቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አስጎብኚያችን ግን የድሬ ልጅ ነው፤ አልተረበሸም። ስልኩን አወጣ፤ በአማርኛ ጀመረ፣ መሃል ላይ ወደ ኦሮምኛ ገባ፣ በሶማሊኛ ጨረሰ። «አቦ አትጨነቁ፣ ቤት አለ» አለን። ሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት ወደሚያስተዳድሩት ማረፊያ ይዞን ሄደ። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ኤሲ የለውም፤ ማራገቢያ ብቻ።

ሲመሽ ወደ ከዚራ ወጣን። ባጃጁ በኮንትራት 150 ብር። ከዚራ ሰፋፊ መንገድ ያለው፣ ዛፍ የጋረደው ሰፈር ነው። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ዛፍ በስሙ በተጠራበት ከተማ ግራና ቀኝ ተሰልፎ አየሁት። ወቅቱ ስላልሆነ ቀይ አበባው የለም፤ ጥላው ግን አለ። ሰው ሁሉ ደጅ ነው። ሕፃናት፣ አዛውንት፣ ነጠላ ጫማ አድርገው ሻይ የሚጠጡ ጎረምሶች። ጎንደር በዚህ ሰዓት በሩን ዘግቶ ጋቢ ይደርባል። ባጊያ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ መክሰስ ከነትኩሱ በላን፤ አንዱ 10 ብር፣ ከተፈጨ ቃሪያና ቲማቲም ጋር። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ለኔ ስኳሩ በዛብኝ፤ ባለቤቴ ግን ደግሞ አዘዘ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፣ ክፍሉም እንደ ምጣድ ጋለ። የቤቱ እመቤት ሳንጠይቃቸው ፍራሾቹን ወደ ግቢ አስወጡ። «እኛም ሙቀት ሲበዛ እንዲህ ነው የምንተኛው ልጆቼ» አሉን። አጎበር አሰሩልን። ለእማዬ ትራስ ጨመሩላት፤ ከሁላችን በፊት እንቅልፍ የወሰዳት እሷን ነው። በሆቴሉ ጉዳይ የተናደድኩትን ያህል በዚህ ቤት ተደስቻለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1፦ ባቡር ጣቢያና ቀፊራ

ቁርስ ፉል ነበር፤ በዘይትና በሽንኩርት፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር፣ 180 ብር። ከዚያ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድን።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ከበደ፣ ወጪውም በዛ። በ1895 ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። አሁን መንገደኛ የሚጭነው ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። አሮጌው ጣቢያ ግን መሃል ከተማ ላይ ቆሟል።

ያስጎበኙን ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። የጥገና ክፍሉ ትልቅ አዳራሽ ነው። በፈረንሳይኛ የተጻፈባቸው የብረት መቁረጫ ማሽኖች እንደተተከሉ አሉ። የዘይቱ ሽታ አልጠፋም። እኚህ አባት እያንዳንዱ ማሽን ምን ይሠራ እንደነበር ያውቃሉ። የባቡሩ የብረት ጎማ ሲበላ የት እንደሚያዞሩት፣ እንዴት ክቡን እንደሚመልሱለት በእጃቸው እየለኩ አሳዩን። ሲናገሩ የዕቃዎቹ ስም በፈረንሳይኛ ነው፣ ሌላው በአማርኛ። ከጉዟችን ሁሉ በጥሞና ካዳመጥኳቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ይህ ቦታ በደንብ ተደራጅቶ ለተማሪዎች ሁሉ ክፍት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ፋሲል ግንብ በየቀኑ ተማሪ ይጎርፍበታል፤ እዚህ እኛ ብቻ ነበርን።

ከዚራንና መጋላ የሚባለውን ሰፈር የሚለያቸው የደጫቱ ወንዝ ነው። በበጋ ያየው ሰው ወንዝ አይለውም፤ ሰፊ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አስጎብኚያችን ድልድዩ ላይ ሚኒባሱን አስቁሞ ይህን ነገረን። ያኔ ሕፃን ነበር። ብዙም አላወራም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ቀፊራ ገበያ በቅስት በር ይገባል። ጎንደር ቅዳሜ ገበያን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ጥድፊያ አይበግረኝም። እዚህ የሚለየው ልብሱና ቋንቋው ነው። ከገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች ማሽላና አትክልት ዘርግተዋል። ሶማሌዎቹ ዕጣንና ጨርቅ። አህያው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ በአንድ መተላለፊያ ይጋፋል። አንዲት ሻጭ ዋጋ በሦስት ቋንቋ ጠራችልኝና የገባኝን እንድመርጥ ጠበቀችኝ። ለእማዬ ሽቲ የሚባለውን ቀሚስ በ600 ብር፣ ለባለቤቴ ሽርጥ በ700 ብር ገዛን። ሽርጡ 1,000 ተጠርቶ ነው የወረደው። ታይዋን ገበያም ደረስን። ስልክ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ ብርድ ልብስ። እሱን አዲስ አበባ ላይም አገኘዋለሁ፤ ቶሎ ወጣሁ።

ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ከተማው ይዘጋል። ሱቁ፣ ቢሮው፣ መንገዱ። ሰው ወይ ይተኛል ወይ በርጫ ላይ ይቀመጣል። 10 ሰዓት ገደማ ሁሉም እንደገና ይከፈታል። ወደ ድሬ የምትሄዱ ጉዳያችሁን በጠዋት ጨርሱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፦ ደንገጎን ወጥተን ሐረር

ድሬዳዋና ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው። ግን የደንገጎ ዳገት በመሃል አለ። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ዞር ስትሉ ድሬዳዋ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። በመስኮቱ የሚገባው አየር በየመታጠፊያው ይቀዘቅዛል። ዳገቱን ስንጨርስ እማዬ ነጠላዋን ደረበች።

ሐረማያ ሐይቅ ዳር ቆምን። ይህ ሐይቅ ለሐረር የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ደረቀ፤ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። አሁን ውሃ ተመልሶበት አየን፤ ዳር ዳሩ ላይም ወፎች ነበሩ። ጣና አጠገብ ላለን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐይቅ ሊደርቅ እንደሚችል እዚህ በዓይን ይታያል።

ቀጥሎ አወዳይ። ከዳር እስከ ዳር ጫት ነው። እስሩ ይቆጠራል፣ በቅጠል ይጠቀለላል፣ ይጫናል። መኪኖቹ ቆመው አይጠብቁም፤ ጫት ትኩስ ካልደረሰ ዋጋው ይወድቃልና። ወደ ሶማሌላንድና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት የሚተክለው ገንዘቡ ቶሎ ስለሚመጣለት እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም የሐረር ቡና ተነቅሎ ያለቀበትን ማሳ በመኪና መስኮት ሳየው አዘንኩ።

ሐረር ስንገባ ከሰዓት ሆኗል። አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች ዛሬም ይሠራሉ። ሚኒባሱ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አወረደን፤ ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ማደሪያችን ጀጎል በሚባለው፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የሐረሪ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሳሎኑ ወንበር የለውም። ወለሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራ መደብ ነው፤ ቀይ ተቀብቶ፣ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሮበት። ከፍ ያለው ለቤቱ ጌታና ለታላላቅ ነው። ግድግዳው ላይ የሚታየው ሁሉ ሰፌድ፣ ሙዳይና ሳህን ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ አለው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ አለች ማለት ነው አሉን። አዲስ ሙሽሮች የሚቆዩባት ጠባብ ክፍልም አለች፤ ምግባቸው በትንሽ መስኮት ይሰጣቸው ነበር። የቤቱ እመቤት እማዬን እጇን ይዘው ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጧት። «አይሆንም እህቴ» ብትልም አልተዋትም።

ማታ ጅብ ለማየት ወጣን። ለኢትዮጵያዊ 200 ብር ነው። የሚያበላው ሰው በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ከጨለማው አንድ በአንድ ይመጣሉ። ሥጋው በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ ነው። ባለቤቴ ተንበርክኮ አበላ። አንዱ ጅብ ትከሻው ላይ የፊት እግሩን ጭኖ በላ። እኛ አገር ጅብ አህያ የሚበላ፣ ስሙ ከቡዳ ጋር የሚነሣ፣ በድንጋይና በውሻ የሚባረር ነው። እማዬ ከመኪና አልወርድም ብላ ነበር። አማትባ ወረደች። ብዙ ቆማ አየች። «ጥጋብ ካለ ጅብም ሥርዓት አለው» አለች። የሐረር ሰው ግን ጅቡን የሚያየው በትርኢቱ አይደለም። ሌሊት ገብቶ አጥንቱንና ጥራጊውን ጠርጎ የሚወጣ ጎረቤቱ ነው። የግንቡ ሥር ላይ ለጅብ መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለ። በአሹራ ቀን ገንፎ ያቀርቡለታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፦ ጀጎል

የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት አሚር ኑር ናቸው። ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው፤ ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ በሌላ ስም ይጠሯቸዋል። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ከተማዋን ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ (የሙስሊም ቅዱሳን) መቃብሮች ቆጥሯል። ይህ ሁሉ 48 ሄክታር ላይ ነው። እኛ ጠዋቱን ሙሉ ሄደን ግማሹን አልጨረስንም። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው አያሳልፍም። ግድግዳው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ነው። ከሐዋሳ የመጣችው ልጅ ወደኋላ ቀርታ ጠፋችብን። አንድ ሕፃን እጇን ይዞ መልሷት መጣ፤ ብር ስትሰጠው ሮጦ ሄደ።

አሁን ስለ ቤተ መንግሥቶቹ። ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ነው፤ የህንድ ነጋዴ እንዳሠራው ይነገራል። ራስ ተፈሪ ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ነው ይባላል። ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። በእጅ የተጻፉ ቁርአኖች፣ የሐረር አሚሮች ያስመቱት ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ የሙሽራ ልብስ፣ ጌጣ ጌጥ። አንድ ሰው ከየቤቱ ለቅሞ፣ ከመጥፋት አድኖ ያከማቸው ነው። መግቢያው ለእኛ 100 ብር ነበር። ሌላ ከተማ ላይ መንግሥት የሚሠራውን ሥራ እዚህ አንድ ግለሰብ ሠርቶታል፤ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

የራስ መኮንንን ቤተ መንግሥት ከውጭ ብቻ አየነው። አሚር አብዱላሂ በ1879 ጨለንቆ ላይ ለምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ ሐረርን የገዙት ራስ መኮንን ናቸው። አስጎብኚያችን ስለ ጨለንቆ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። የቤቶቹ ወለል ቀይ የሚቀባው ያን ቀን የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚሉ አሉ አለን። እኛ ትምህርት ቤት ይህን ታሪክ ከሌላኛው ወገን ነው የተማርነው። የተቀመጥንበትን ቀይ መደብ አስታወስኩ። እዚያ ቤት እናቴን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጧት።

የራምቦ ቤት በባለ ቀለም መስታወቱ ያምራል። ፈረንሳዊው ገጣሚ በ1873 ለንግድ ሐረር መጣ፣ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። እግሩ ታሞ ወጣ፤ በ1884 ማርሴይ ላይ ሞተ። ይህ ቤት የተሠራው ከእሱ በኋላ ነው። ቢሆንም የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች አሉበት። ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የጣራውና የሚናራው ብዛት ብቻ ለመውጣት ይበቃል።

ከዚያ መኪና ግርግር ገባን። ልብስ ሰፊዎች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘዋል። ጨርቁን ከፊት ለፊት ሱቅ ትገዛላችሁ፣ ሰፊው እዚያው ይለካችኋል። የእማዬን ሽቲ በ80 ብር አሳጠርን፤ ቆመን እያየን አለቀ። ጊድር መጋላ የሥጋ ገበያ ነው። ጣራው ላይ ጭልፊቶች ተደርድረዋል። አንድ ጎረምሳ በ50 ብር ቁራጭ ሥጋ ይሰጣል፤ እጅ ከፍ ሲል ጭልፊቱ ወርዶ ይነጥቃል። ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ሥጋውን ከመቀበሉ በፊት ከሻጩ እጅ ላይ ተነጠቀ። ጎረምሳው ያለ ክፍያ ሌላ ሰጠው።

የዚህን ቀን እራት ሳልጽፍ አላልፍም። ረቡዕ ጾም ነው። እማዬ ሥጋም ቢሆን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ካልሆነ አትበላም። ቀኑን ሙሉ ስለ እራት እያሰብኩ ነበር፤ ዳቦና ሙዝ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ቤት ስንደርስ የቤቱ እመቤት ማዕድ ዘርግተው ጠበቁን። ሩዝ፣ የድንች ወጥ፣ በአብሽ የተሠራ ማባያ፣ ሰላጣ። ሁሉም በዘይት። «ዛሬ ረቡዕ አይደል? ድስቱም ሥጋ የማይነካው ነው፤ ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ ከእሷ ተዋስኩት» አሉ። እማዬ ምንም አልተናገረችም። ተነሥታ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ከእራት በኋላ ከቡና ገለባ የተፈላ ሀሸራ ጠጣን። ሁለቱ ሴቶች እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ልጆቻቸው አወሩ። እኔ ፋሲል ግንብ ሥር አድጌ ስለ ነገሥታት ግብር ብዙ ሰምቻለሁ። እንዲህ ታስቦበት የቀረበ ማዕድ ግን በዚህ ቤት አየሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፦ ባቢሌ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ዝሆን በጠዋት ነው። ከሐረር ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ደግሞ ነፋስ የለውም። ሹፌሩ ይህን ከመነሣታችን በፊት ማየት ነበረበት፤ ተናግሬዋለሁም። አንድ አይሱዙ ቆመልን። የጫነው ቃሪያና ቲማቲም ነው። ሹፌሩ ጎማችንን ጭኖ ሄዶ፣ አስነፍቶ፣ በባጃጅ መልሶ ላከልን። ገንዘብ አልቀበልም አለ። አንድ ሰዓት ከሩብ ከሰርን።

የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1962 ነው የተቋቋመው። ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የኤረርና የጎበሌ ሸለቆዎች ውስጡ ናቸው። ጥቁር ጋማ አንበሳም አለበት። ያለ ጥበቃ ሠራተኛ መግባት አይቻልም፤ ያለ እነሱም አንድ ዝሆን አታገኙም። እንደ ቴሌቪዥኑ በመኪና እየዞሩ ማየት የለም። በእግር ነው፤ በእሾህና በቁልቋል መሃል። እማዬ ከሹፌሩ ጋር ጥላ ሥር ቀረች።

መጀመሪያ ያየነው ፋንድያ ነው። ቀጥሎ የተሰባበረ ቁልቋል፤ ዝሆኑ እሾሁን ምንም ሳይለው ያላምጠዋል። ዱካው አሸዋ ላይ እንደ ሰፌድ ክብ ነው። ጠባቂው ጣቱን ፋንድያው ውስጥ ከቶ «ሌሊት ነው ያለፉት» አለ። ወዲያው ደግሞ የማንወደውን አየን። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች፣ አዲስ የታረሰ ማሳ፣ የከሰል ጉድጓድ። ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አካባቢው ግን ሰፊ ነው። ሰውም የሚሄድበት ቦታ ስላጣ ነው የገባው፤ ዝሆኑም ሌላ አገር የለውም። ይህን መጠለያ ለማዳን ከጎብኚ የሚገኘው ብር ለጠባቂዎቹና ለዙሪያው መንደር መድረስ አለበት። ለዚህ ነው የጠባቂውን ክፍያ ሳልከራከር የከፈልኩት።

ፀሐዩ ሲበረታ ተስፋ ቆርጠን ነበር። አንድ ጉብታ ላይ ወጣን። ጠባቂው መነጽሩን ለባለቤቴ ሰጥቶ ከሸለቆው ማዶ ያሉትን ዛፎች አሳየው። ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆየ። «ጆሮው... ጆሮው ይንቀሳቀሳል!» አለ። አምስት ነበሩ፣ አንዷ ከነግልገሏ። በዓይን ሲታዩ ግራጫ ድንጋይ ይመስላሉ። በመነጽር ግን ግልገሉ ከእናቱ እግር መሃል ሲገባ አየሁ። ዛፎቹ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ማንም አልተናገረም።

ባቢሌ ከተማ ስንደርስ የግመል ገበያው ሊበተን ተቃርቧል። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው። ገዥና ሻጭ በሽርጥ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣታቸው ይደራደራሉ፤ ሌላ ሰው ዋጋውን አይሰማም። ጮክ ብሎ ከተጠራው አንዱ ከ100,000 ብር በላይ ነበር። ኦቾሎኒው ግን የባቢሌ ኩራት ነው፤ ተቆልቶ በጣሳ 60 ብር። ሦስት ጣሳ ገዛሁ፤ ጎንደር ደርሶ ያለቀው በሁለት ቀን ነው። ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ እስከ ደካታ ሸለቆ ሄደን በድንጋይ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች አየን። ፎቶ አንሥተን ተመለስን።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፦ ቁልቢ

ጠዋት ቡና ገዛሁ። ጀጎል ውስጥ እዚያው ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ትኩሱን ያሽጋሉ። ኪሎው 1,200 ብር። የቤቱ እመቤት ለእማዬ ትንሽ ሙዳይ ሰጧት፤ እማዬ በምላሹ የአንገቷን ነጠላ አውልቃ አለበሰቻቸው።

አስጎብኚያችን ሌሊቱን ከሹፌሩ ጋር ተነጋግሮ ነበር። «እትዬ፣ ዛሬ ቁልቢ ነን» አላት። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሳንወርድ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ታጠፍን። ለነዳጅ ተዋጥተን 3,000 ብር ጨመርን፤ ከቡድኑ አንድም ሰው አላጉረመረመም። በመካከላችን የነበሩት ሙስሊሞችም አብረውን መጡ።

ቁልቢን የማውቀው በታኅሣሥና በሐምሌ 19 በቴሌቪዥን ነው፤ ሰው በሰው ላይ ሆኖ። በዓርብ ቀን ግቢው ሰፊና ባዶ ነው። ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ እዚህ ተስለው፣ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ። በ1898 ሕይወታቸው ያለፈውም ቁልቢ ላይ ነው። እማዬ ከበሩ ጀምሮ በጉልበቷ ሄደች። ምን እንደተሳለች አልነገረችንም።

አውሮፕላኑ ማታ ስለነበር ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያሳደሩንን እናት ተሰናበትን። የጉዞው አዘጋጅ የሆቴሉን ልዩነት እመልሳለሁ ብሏል፤ ይህን እስክጽፍ አልመለሰም።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ቀኑን ከባቢሌ ገበያ ጋር አስማሙት። ሐረር ላይ ከጀጎል ውጭ ካለ ሆቴል ይልቅ ጀጎል ውስጥ ቤተሰብ ዘንድ እደሩ። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀድማችሁ ደውሉ። በተለይ የሐረሪዎች በዓል በሆነው በሸዋል ኢድ ሰሞን፤ በዓሉ በ2016 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በዚያ ወቅት ክፍል ማግኘት ከባድ ሆኗል አሉን። ጎማውንም ከመነሣታችሁ በፊት ራሳችሁ እዩት።